የአድዋ ዕለት በሁለት አቆጣጠር፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ፓይተን ሞጁል



የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ ይመዘዛል። የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ታሪክ የሚያጠና ሰው፣ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈውን ምንጭ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከተጻፈው የአውሮፓ መንገደኛ ማስታወሻ ጋር ማስተያየቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ የአንድ ቀን ስሕተት ትእዛዙን ከመልሱ፣ ጉዞውን ከውጊያው ያፋልሳል።

ምሳሌዬ አድዋ ነው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዓሉ ዛሬ በጎርጎርዮስ ማርች 2 ቀን ይውላልና ብዙዎች ውጊያውንም በዚያው ቀን ያደርጉታል፤ ውጊያው የተካሄደው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ፣ ጳጉሜን ያለማቋረጥ 6 እናደርጋለን፤ ጎርጎርዮስ ግን በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ።

ይህን ስሌት ዛሬ በፓይተን መሥራት እንችላለን። «ኢምፖርት ዴትታይም» ብለን ስንጽፍ ሌሎች ያዘጋጁትን ሞጁል ወደ ሥራችን እናስገባለን። በውስጡ «ዴት» የሚባል ክላስ አለ። ተራ ሜተድ የሚጠራው አስቀድሞ በተፈጠረ አንድ ዕለት ላይ ነው፤ «ፍሮምኦርዲናል» ግን የክላስ ሜተድ በመሆኑ በራሱ በክላሱ ስም ይጠራል፤ የቀን ቁጥር ተቀብሎም አዲስ ዕለት ይፈጥራል።

ቁጥሩን የምናቀርበው እኛ ነን። በ2795 ላይ ያለፉትን 1887 ዓመታት በ365 አባዝተን፣ ለጳጉሜን 6 ዕለታት 472፣ ላለፉት አምስት ወራት 150፣ ለየካቲት ቀናት 23 እንጨምራለን፤ ድምሩ 692195 ይሆናል። «ዴትታይም.ዴት.ፍሮምኦርዲናል(692195)» ብለን ስንጠራ ማርች 1 ቀን 1896ን ይመልስልናል።

ሞጁሉ ጎርጎርዮስን እንጂ ዘመነ ሉቃስን አያውቅም። በ20ኛው ምዕት ዓመት የለመድነውን ልዩነት ብንሰጠው ማርች 2ን ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለናል። ስለዚህ በጥናታችሁ ምንጩ የጻፈውን ዕለት እንዳለ አስፍሩ፤ የተለወጠውን ከጎኑ አኑሩ፤ በምን ስሌት እንደለወጣችሁትም ግለጹ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ሊመረምረው የሚችለው ያን ጊዜ ነው።