የደህንነት ቀበቶ ማስጠንቀቂያ መብራት ሳይጠፋ ሲቀር

አሽከርካሪው ቀበቶውን ካሰረ በኋላም በዳሽቦርዱ ላይ የሚገኘው ቀይ የቀበቶ ምልክት በርቶ ከቀጠለ፣ በቅድሚያ መታየት ያለበት የጋቢናው ተሳፋሪ መቀመጫ ነው። በመቀመጫው ውስጥ የተገጠመው ሴንሰር ብዙ ጊዜ ሰውን ከዕቃ ስለማይለይ ከባድ ቦርሳ ወይም የአስቤዛ ዘንቢል ሲቀመጥበት መብራቱ ይበራል።

መቀመጫው ባዶ ከሆነ የቀበቶው መቆለፊያ ይፈተሻል። የቀበቶው የብረት ምላስ መግባቱን የሚያሳውቀው አነስተኛ ማብሪያ ማጥፊያ በመቆለፊያው ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ አቧራ፣ ሳንቲም ወይም የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥ ሥራውን ያውካል። ምላሱ ቀጭ ብሎ ካልገባ ወይም ሲሳብ ከወጣ ግን ችግሩ የመብራት ብቻ አይደለም፤ ቀበቶው በግጭት ጊዜ ሊለቅ ስለሚችል መቆለፊያው ሳይቀየር ማሽከርከር አይገባም።

ከመቀመጫው ሥር የሚያልፉ ሽቦዎችም መቀመጫው ሲንቀሳቀስ ወይም ምንጣፉ ሲጸዳ ይላቀቃሉ። በብዙ ተሽከርካሪዎች ቢጫ ማገናኛ ያላቸው ሽቦዎች የኤርባግ መስመሮች በመሆናቸው ከባለሙያ በቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም። የኤርባግ መብራትም አብሮ ከበራ ተሽከርካሪው ሳይዘገይ ወደ ጋራዥ መወሰድ አለበት።

የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለማጥፋት ሲባል ምላሱን ብቻ ገዝቶ መሰካት ወይም ቀበቶውን ከጀርባ አሳልፎ ማሰር በአንዳንድ አሽከርካሪዎች ዘንድ እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። ይህ ጥገና ሳይሆን ተሽከርካሪውን ማታለል ነው። ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ የታጠቀን ሰው ለማገዝ ነው፤ ያልታጠቀ አሽከርካሪ በድንገተኛ ፍሬን ወደ መሪው ተገፍቶ ባለበት ቅጽበት የሚፈነዳ ኤርባግ ለሞት የሚያበቃ ጉዳት ሊያደርስበት ይችላል።