የዓይነ ማዝ ባክቴሪያ ሁለት መልኮች

በኢትዮጵያ ደጋ ገጠሮች ወረንጦ ከብዙ እናቶች እጅ አይጠፋም። እሾኽ ይነቀልበታል፤ ነገር ግን ዋነኛ አገልግሎቱ ሌላ የሆነባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ዓይነ ማዝ፣ በሐኪሞች አጠራር ትራኮማ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ እየተመላለሰ ያጠቃው ዓይን ውሎ አድሮ ቆቡ ጠባሳ ይዞ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያቆስለዋል። እናቲቱ ፀጉሩን በወረንጦ ብትነቅለውም ተመልሶ ይበቅላል፤ መጨረሻው ብርሃን ማጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገሪቱ በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ታይቶባቸዋል፤ ከዓይነ ስውርነቱም 11.5 ከመቶ የሚሆነው የዚሁ በሽታ ውጤት ሆኖ ተገኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሁሉ መነሻ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ መሆኑ ዛሬ በማንኛውም የሕክምና መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ይሁንና ይህችን አንዲት ቃል ለማጽናት ከ1907 እስከ 1966 ድረስ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። ያዘገየው የሊቃውንቱ ስንፍና ሳይሆን የተሕዋሱ ጠባይ ነበር፤ ይኸውም አንዱ ፍጡር በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሰዓት ሌላ ዓይነት ሆኖ መታየቱ ነው። ሁለቱም መልኮች የሚሠሩት ከአንድ የውርስ ጽሑፍ ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ መቼ ይነበባል በሚለው ላይ ነው።

በ1907 የጀርመኑ ሐኪም አልበርት ናይሰር ስለ ቂጥኝ ለመመራመር፣ በዚያን ጊዜ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ወደ ጃቫ ደሴት አንድ የምርምር ጓድ መርተው ሄደው ነበር። ከአባላቱ መካከል ሉድቪግ ሃልበርሽቴተርና ስታኒስላውስ ፎን ፕሮቫዜክ ከዋናው ሥራ ወጣ ብለው፣ ከትራኮማ በሽተኞች ዓይን የተፋቀ ነገር ወስደው ኦራንጉታን በተባሉት ዝንጀሮዎች ዓይን ላይ አሳረፉ። ከዚያም የዝንጀሮዎቹን ዓይን ፍቀው፣ ጊምዛ በሚባለው ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ በሕዋሶቹ ውስጥ ከኑክሊየሱ አጠገብ ቆብ የመሰለ ክምችት አዩ። በውስጡም ጥቃቅን ነጥቦች ተበትነዋል። ሁለቱ ሰዎች ነጥቦቹን ተሕዋስ፣ በዙሪያቸው ያለውን ደግሞ ሕዋሱ ያለበሳቸው ካባ አድርገው ቆጠሩት፤ ስሙንም ካባ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስደው ክላሚዶዞዋ አሉት። ያዩት ትክክል ነበር፤ የተረጎሙት ግን ከፊሉን ብቻ ነው። ፕሮቫዜክ ስሕተቱን ለማረም ዕድሜ አልሰጣቸውም፤ በ1915 ኮትቡስ በተባለው የምርኮኞች ሰፈር ስለ ተስቦ ሲመራመሩ በዚያው በሽታ ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የተወሳሰበው በማጣሪያ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ቫይረስ የሚባለው፣ ባክቴሪያን የሚያስቀረውን የሸክላ ማጣሪያ የሚያልፍ፣ በተለመደው የላቦራቶሪ ምግብ ላይ የማይበቅልና በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ብቻ የሚራባ ነገር ሁሉ ነበር። የዓይነ ማዙ ቅንጣት ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ሦስት አሥር ሺህኛ ያህል ብቻ ስለሆነና ከሕዋስ ውጭ ስለማይበቅል ከቫይረሶች መዝገብ ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ ዳኝነቱ ለወንፊት ተሰጥቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወንፊት ደግሞ የሚመልሰው የቀዳዳውን ስፋት እንጂ የፍጡሩን ማንነት አይደለም።

ወንፊቱ የደበቀውን ሰዓት ገለጠው። ከ1929 እስከ 1930 በቀቀኖች ያመጡት የሳምባ በሽታ በብዙ አገሮች በተሠራጨ ጊዜ፣ በለንደን ሳሙኤል ቤድሰንና የሥራ ባልደረባቸው ብላንድ የበሽታውን መንሥኤ፣ የትራኮማውን ተሕዋስ የቅርብ ዘመድ፣ አይጦች ላይ እየለቀቁ በየሰዓቱ መመርመር ጀመሩ። መጀመሪያ የገባው ትንሹ ቅንጣት ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይጠፋና በቦታው ትልልቅ አካላት ይታያሉ፤ እነርሱም እየተከፈሉ ይበዛሉ፤ በመጨረሻም ትንንሾቹ ቅንጣቶች በብዛት ተመልሰው ይመጣሉ። በ1932 ይህን የዕድገት ዑደት ብለው አሳተሙት። የሚገርመው፣ በጽሑፋቸው ርእስ ላይ ተሕዋሱን አሁንም ቫይረስ ማለታቸው ነው። ቫይረስ ለሁለት እየተከፈለ እንደማይራባ የሚናገር ደንብ ገና አልወጣም ነበርና አይፈረድባቸውም።

የትራኮማው ተሕዋስ ራሱ ግን በላቦራቶሪ አልራባ ብሎ ብዙ ሊቃውንትን አሳፍሯል። የታወቁት ጃፓናዊ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1927 መንሥኤውን አገኘሁት ብለው አንድ ባክቴሪያ አስታውቀው ነበር፤ ግኝታቸው ግን በሌሎች እጅ አልጸናም። ይህን ከፈተሹት አንዱ ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን ናቸው። ዶክተር ታንግ በአሜሪካ በሃርቫርድ ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በክትባት ዝግጅት ሥራ የቆዩ ሰው ሲሆኑ፣ በ1950ዎቹ በቤይጂንግ ከዓይን ሐኪሙ ከዣንግ ሺያዎሎው ጋር ሆነው የትራኮማን ጉዳይ እንደገና አነሡ። ከሕመምተኛ ዓይን የሚወሰድ ናሙና ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎችንም ይዞ ስለሚመጣ አስቀድሞ መጽዳት አለበት። ለዚህ ሥራ ፔኒሲሊን ቢበዛ የሚፈለገውን ተሕዋስ ጭምር ይጎዳል፤ ስትሬፕቶማይሲን ግን ሌሎቹን ሲያጠፋ የትራኮማውን ይተወዋል። ታንግ በስትሬፕቶማይሲን ያጸዱትን ናሙና ጽንስ በያዘ የዶሮ እንቁላል አስኳል ከረጢት ውስጥ አሳደጉት፤ በ1957ም ግኝታቸውን በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከጋምቢያ በመጣ ናሙና ውጤቱን አረጋገጡ።

ዶክተር ታንግ በዚህ አልበቃቸውም። ያሳደጉት ነገር በእርግጥ የበሽታው መንሥኤ መሆኑን ለማሳየት በ1958 በገዛ ዓይናቸው ውስጥ አስገቡት፤ ታመሙም። የሕመሙን አካሄድ ለመከታተል ሲሉም ለ40 ቀናት ያህል መድኃኒት ሳይወስዱ ቆዩ። ከዓይናቸውም ያንኑ ተሕዋስ መልሰው አወጡ። በዚያው ዓመት በአገሪቱ በተነሣው የፖለቲካ ዘመቻ ክስና ውርደት ደረሰባቸውና መስከረም ሊጠባ ሳይሆን ሊያልቅ ባለበት፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የዓለም አቀፉ የትራኮማ ድርጅት የወርቅ ሜዳይ ለስማቸው የተሰጠው በ1981፣ ከሞቱ 23 ዓመት በኋላ ነው።

ተሕዋሱ በብዛት ሊገኝ ከቻለ በኋላ ምንነቱን መመርመር ቀላል ሆነ። በ1957 ፓሪስ ውስጥ አንድሬ ልዎፍ ቫይረስን በመጠኑ ሳይሆን በአሠራሩ ፈረጁት፤ ከሁለቱ የኑክሊክ አሲድ ዓይነቶች አንዱን ብቻ የያዘና ለሁለት እየተከፈለ የማይራባ ማለት ነው። የቺካጎው ጄምስ ሞልደር በ1966 ማስረጃዎቹን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ይህ ተሕዋስ ሁለቱንም ኑክሊክ አሲዶች ይዞ፣ የራሱን ፕሮቲን እየሠራ፣ ለሁለት እየተከፈለ የሚራባ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ባክቴሪያ ነው ተባለ።

ዑደቱ በዛሬው ዕውቀት እንዲህ ነው። ትንሹ፣ ኤሌመንታሪ ቦዲ የሚባለው ተላላፊ ቅንጣት፣ ለዘር ተለይቶ እንደተቀመጠ እህል ነው። ቅርፊቱ በድኝ ማያያዣዎች ጠንክሯል፤ ከሕዋስ ውጭ ይቆያል፤ ግን አይራባም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ በከረጢት ተሸፍኖ ወደ ኑክሊየሱ አቅራቢያ ይጓዛል፤ የቅርፊቱ ማያያዣዎች ይፈታሉ፤ ስፋቱም ወደ አንድ ሺህኛ ሚሊሜትር አድጎ ሬቲኩሌት ቦዲ የሚባለው ተራቢ አካል ይሆናል። ይህ አካል ይራባል፤ ግን ከሕዋሱ ቢወጣ ሌላውን ሊይዝ አይችልም። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ተመልሰው ቅንጣት ይሆኑና ሕዋሱን ጥለው ይወጣሉ። የጃቫዎቹ ሰዎች ካባ ያሉት ነገር እንግዲህ ከረጢቱና ተራቢዎቹ አካላት ነበሩ።

ይህን ለውጥ ማን ያዝዘዋል? የመጀመሪያው ተጨባጭ መልስ የመጣው በ1991 ነው። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የሚሠሩት ቴድ ሃክስታትና ባልደረቦቻቸው፣ በዑደቱ መጨረሻ ላይ የሚሠራ አንድ ፕሮቲን በእንስሳትና በዕፅዋት ሕዋሶች ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚጠቀልለውን ሂስቶን እንደሚመስል ደረሱበት። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ፕሮቲን በሰው አንጀት በሚኖረው ባክቴሪያ፣ በኢ. ኮላይ፣ ውስጥ እንዲሠራ ሲደረግ የዚያን ባዕድ ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ጨብጦ አጠበቀው። ተላላፊው ቅንጣት ዝም ያለበት ምክንያት ታወቀ፤ ጽሑፉ አልጠፋም፤ ተጠቅልሎ ታስሯል። በ2006 ደግሞ ይህ ጠቅላይ ፕሮቲን ያለ ጊዜው እንዳይሠራ የሚከለክል አንድ አጭር አር.ኤን.ኤ. ተገኘ።

በ1998 የባክቴሪያው ሙሉ የውርስ ጽሑፍ ተነበበ። ርዝመቱ 1,042,519 ፊደል ሲሆን፣ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖቹ 900 አይሞሉም፤ ኢ. ኮላይ ግን 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው። ጂን የሚገለብጠው ኢንዛይም የት መጀመር እንዳለበት የሚመሩት ሲግማ የተባሉ ፕሮቲኖች በኢ. ኮላይ ሰባት ሲሆኑ በዚህኛው ሦስት ብቻ ናቸው። በሦስት ቁልፍ ይህን ያህል በር በተራ መክፈትና መዝጋት፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ለሚነድፍ ባለሙያ ቀላል የማይባል የቁጠባ ሥራ ነው። በ2003 የሁሉም ጂኖች ንባብ በየሰዓቱ ሲለካ ተራው በግልጽ ታየ። በመጀመሪያው ሰዓት የሚከፈቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹም መካከል ከረጢቱን ከሕዋሱ መፍጫ የሚጠብቁት ይገኛሉ። በስምንተኛው ሰዓት አብዛኞቹ ተከፍተዋል። መጠቅለያውንና ጠንካራውን ቅርፊት የሚሠሩት ወደ መጨረሻ ይመጣሉ። በ2012 የካሊፎርኒያው ሚንግ ታን ቡድን፣ ዩኦ የተባለው ቀድሞ የሚሠራ ፕሮቲን የኋለኞቹን ጂኖች በሮች ይዞ እንደሚዘጋ አሳየ። ቀዳሚው ተከታዩን ያዘገየዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲጠና ተመራማሪዎቹ እጃቸው ታስሮ ነበር። ባክቴሪያው በሕዋስ ውስጥ፣ ያውም በከረጢት ውስጥ ስለሚራባ፣ ባዕድ ጂን አስገብቶ መፈተን አይቻልም ነበር። ሳውዝሃምፕተን የሚገኘው የኢያን ክላርክ ቡድን በ2011 ተላላፊዎቹን ቅንጣቶች በካልሲየም ክሎራይድ አዘጋጅቶ የውጭ ዲ.ኤን.ኤ. ማስገባት ቻለ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው የመመለሻው ሰዓት በምን ይታወቃል የሚል ሆኗል። በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ተራቢዎቹ አካላት በተከፈሉ ቁጥር መጠናቸው እያነሰ ይሄዳል፤ ወደ ቅንጣትነት የሚለወጡትም ካነሱ በኋላ ነው። እንደዚህ ከሆነ ሰዓቱ ከውጭ የሚመጣ ደወል ሳይሆን የባክቴሪያው የራሱ መጠን ነው።

ጉዳዩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ሕመምተኛው ዓይን የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የሰው አካል ራሱን ሲከላከል በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ያጠፋል። በላቦራቶሪ እንደታየው፣ ባክቴሪያው በዚያን ጊዜ አይሞትም፤ መከፈሉን ትቶ ተነፋፍቶ ይቆያል፤ ትሪፕቶፋን ሲመለስ ሥራውን ይቀጥላል። ትሪፕቶፋን ሲያንስ የሚከፈት የራሱ የጂን መዝጊያም አለው። በአባላዘር የሚተላለፉት ዓይነቶች በዚህ ተጠቅመው አሚኖ አሲዱን ራሳቸው ሲሠሩ፣ በዓይን ላይ የሚገኙት ግን የመሥሪያው ጂን ተበላሽቶባቸዋል፤ ይህም በ2003 ተረጋግጧል።

ለሕክምናው የሚሰጠው አዚትሮማይሲን የሚሠራው ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ታስሮ የተቀመጠው ቅንጣት ፕሮቲን ስለማይሠራ መድኃኒቱ የሚያገኘው ሕዋስ ገብቶ ሲነቃ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተዋጠው መጠን በአካል ውስጥ ለብዙ ቀናት መቆየቱ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ዑደት ሦስት ቀን ገደማ ሲሆን መድኃኒቱ ከዚያ በላይ ይጠብቃል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ2006 በተጀመረው ጥናት፣ መድኃኒቱ በዓመት አንድ ጊዜ ለነዋሪው ሁሉ በታደለባቸው መንደሮች ከ10 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ 41.9 ከመቶ የነበረው ልክፈት በ42ኛው ወር 1.9 ከመቶ ሆኗል። በተከታዩ ጥናት እደላው በቆመባቸው መንደሮች ግን ባክቴሪያው እንደገና በሕፃናቱ ዓይን ላይ መብዛት ጀመረ።