ከታጁራ ወደ ጅቡቲ፦ የሸዋ የባሕር በር የተጓዘበት ሰላጤ

ጅቡቲ ከተማ ሲያዩዋት አንድ ወጥ መሬት ትመስላለች። መሠረቷ ግን የባሕር ድንጋይ የሆኑ ደሴቶችና ዝቅተኛ አምባዎች ናቸው፤ በመካከላቸው የነበረው ባሕር በድንጋይና በአፈር ሙሌት እየተደለደለ ነው ከተማ የሆኑት። ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፕላቶ ዱ ማራቡ፣ ኤሮን የሚባሉት ሰፈሮች የዚያ ዘመን ስሞች ናቸው። ዕድሜዋም ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1888 በፊት በቦታው ከተማ አልነበረም፤ የሸዋ ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወርደው በሰላጤው ማዶ፣ በታጁራ በኩል ነበር።

የታጁራን መንገድ በደንብ የምናውቀው ከእንግሊዛዊው ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው ይህ መልእክተኛ ከታጁራ ተነሥቶ በአሳል ሐይቅ አጠገብ ወደ አንኮበር አቀና። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሚገኝ፣ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅ ያለ ስፍራ ነው። የባሕሩ ውኃ ከጉቤት ወሽመጥ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባበታል፤ መውጫ ስለሌለው በፀሐይ ይተንና ጨዉ ይቀራል። አፋሮች ይህን ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋ ያወጡት ነበር። ሃሪስ ግን ያየው ጨው ብቻ አይደለም። ውኃ ጥምና ሐሩር ጉዞውን አሰቃዩት፤ በአንድ ሌሊትም ሦስት ሰዎቹ በተኙበት ተገደሉ።

ከ45 ዓመት በኋላም መንገዱ አልቀለለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ታጁራ ደረሰ። ግመል፣ ፈቃድና አጃቢ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ በጥቅምት 1886 ተነሣ፤ አንኮበር የገባው በየካቲት 1887 ነው። እኔ እንደማየው፣ የሸዋ የባሕር በር ከታጁራ የተነሣው በመንግሥታት ሽኩቻ ብቻ አልነበረም። አሳልና በዙሪያው ያለው የእሳት ድንጋይ ምድርም ድርሻ ነበረው። የምድሩ እሳት ዛሬም አልበረደም፤ በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. በአሳልና በጉቤት መካከል የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ነዷል።

የመንግሥታቱን ሽኩቻ ለማየት ደግሞ ከወደቡ ፊት ለፊት ያሉት የሙሻና የመስከሊ ደሴቶች ይበቃሉ። ዛሬ የከተማው ሰው ለዋና፣ ለዓሣ ማጥመድና ኮራሉን ለማየት በጀልባ ይሻገርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1840 ግን እንግሊዞች ሙሻን ከታጁራው ሱልጣን የገዙት በአሥር ጆንያ ሩዝ ነው። በ1859 በኤደን የፈረንሳይ ቆንስላ ወኪል የነበረው አንሪ ላምበርት በዚያው በሙሻ አካባቢ ባሕር ላይ ተገደለ። የዘይላው ገዥ ሸርማርኬ አሊ ተከሶ ተያዘ፤ ወደ ጅዳ ሲወሰድ በመንገድ ሞተ። ሸርማርኬ የላምበርት ወዳጅ የአቡበክር ኢብራሂም ባላንጣ ስለነበር፣ ክሱን የታሪክ ጸሐፊ በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል። ፈረንሳይ በዚህ ሰበብ ገፍታ መጋቢት 11 ቀን 1862 ኦቦክን በ10,000 ብር ማርትሬዛ ገዛች።

ኦቦክ ለሃያ ዓመት ያህል የረባ ሥራ አልተሠራባትም። ሊዮንስ ላጋርድ በ1884 ሲመጣ ነው አስተዳደር የቆመላት። ወደቧ ግን ለነፋስ የተጋለጠ ነበር፤ ወደ ሐረር የሚወስድ ቀና መንገድም አልነበራትም። ከሰላጤው ደቡብ ያለው ዳርቻ ሁለቱንም ይሰጥ ነበር፤ የሚጠጣ ውኃም በአምቡሊ ወንዝ አሸዋ ሥር ይገኛል። በየካቲት 1888 እንግሊዝና ፈረንሳይ ድንበር ሲለዩ ሙሻም ለፈረንሳይ ተለቀቀች። ጅቡቲ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው፤ በ1896 ደግሞ የቅኝ ግዛቱ መዲና ሆነች። ኦቦክ ዛሬ ለጎብኚ የምታሳየው ከባሕሩ ዳር የተኛውን የፈረንሳውያን መቃብር ነው።

የጅቡቲን ዕጣ የወሰነው ግን ምድር ባቡሩ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ የሐረርን አቀበት ሽሽት በቆላው አልፎ በ1902 ድሬዳዋን ቆረቆረ። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ወደቀ፤ በ1908 በአዲስ ኩባንያ ተተክቶ 784 ኪሎ ሜትሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በከተማው መካከል ያለው አደባባይ ለረጅም ዘመን ምኒልክ አደባባይ ይባል ነበር፤ ከነፃነት በኋላ የሰኔ 27 አደባባይ ተብሏል። በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሠሪው የመናዊ ነጋዴ መሆኑ በዚያ ዘመን በወደቡ ማን ይነግድ እንደነበር ያሳያል።

ይህ ሐዲድ የሸኘው ቡናና ቆዳ ብቻ አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ጅቡቲ ደረሱ፤ ሚያዝያ 26 ቀንም ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም አቀኑ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ወደብ አልፈዋል፤ አብዛኞቻችን ግን ከተማዋን የምናውቃት በኮንቴይነርና በጉምሩክ ወረቀት ነው።

ወደ ጅቡቲ ለሥራ የምትሄዱ ሁሉ ሁለት ቀን ጨምሩ። ከኅዳር እስከ የካቲት ሙቀቱ ይቻላል፤ በዚያ ወራት ዓሣ ነባሪ የሚያህለው ሻርክ በሰላጤው ውስጥ ይታያል። በመጀመሪያው ቀን አደባባዩን፣ አሮጌውን ባቡር ጣቢያና ሙሻን እዩ። በሁለተኛው ጎሕ ሲቀድ ተነሥታችሁ የግመል ቅፍለቱ ይሄድበት ወደነበረው ወደ አሳል ውረዱ፤ የሚጠጣ ውኃ በብዛት ያዙ።