የአዋሽ ውኃና የዳርቻው ሣር



የአዋሽን ልማት ታሪክ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንነሣው ከቆቃ ግድብ ነው። እኔ ዛሬ ከሣሩ ልነሣ። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በክረምት የሚያጥለቀልቀው ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ ለምለም ሣር ያበቅላል። የአፋር አርብቶ አደር በዝናቡ ወራት ከብቱን ወደ አላይደጌ ሜዳና ወደ ተራራው ግርጌ ያሰማራል፤ በበጋ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ያ ቀጭን የመሬት ሰቅ ከጠቅላላው ግጦሽ ጥቂቱ ቢሆንም፣ የዓመቱ ምግብ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነበር።

መንግሥት መሬቱን ያየው በሌላ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. የ1955ቱ ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን የመንግሥት ይዞታ አደረገ። በ1960 ቆቃ ተጠናቀቀ፤ ዓላማው የኤሌክትሪክ ኃይል ቢሆንም፣ የወንዙን ፍሰት በማመጣጠኑ ከግድቡ በታች መስኖን አመቺ አደረገ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በወንጂና በመተሐራ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ሸንኮራ አገዳ፣ በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ጥጥ ተስፋፋ። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም ጥጥ ያስመርቱ ስለነበር፣ ነገሩን የቀሚና የተቀሚ ታሪክ ብቻ አድርጎ መተረክ አይበቃም።

ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች አላዋቂዎች ነበሩ አልልም። አንድ ሄክታር ጥጥ ከአንድ ሄክታር ሣር የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል፤ ስሌቱ ልክ ነው። የሳተው መለኪያው ነው። የዝናቡ ወራት ሰፊ ሜዳ ዋጋ የሚኖረው የበጋው መመለሻ ካለ ነው፤ መመለሻው ሲዘጋ ሜዳውም አብሮ ይከስራል። የእርሻ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ግን ይህን ኪሳራ አይጽፍም።

የ1972–73 ድርቅ ኪሳራውን አወጣው። የወሎ ረሃብ ሲባል የደጋው ገበሬ ይታወሰናል፤ ሆኖም ክፉኛ ከተጎዱት መካከል አፋሮች ነበሩ። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የበጋ ግጦሻቸው ለንግድ እርሻ መወሰዱን ከጉዳታቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አሳይቷል። ድርቁ የመጣው ከሰማይ ነው፤ መጠባበቂያው ግን አስቀድሞ በጥጥ ተሸፍኖ ነበር።

ዛሬ የከሰምና የተንዳሆ ግድቦችን ውኃ ድልድል የምታጠኑ ተማሪዎቼ ሠንጠረዣችሁን ስታመጡልኝ፣ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ከብቱ በበጋ የት እንደሚውል ነው።