ላንድሮቨራችንን ለምን አንሸጠውም?

በየለቅሶው ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ጭኖ ሲመላለስ የምታዩት አሮጌ አረንጓዴ ላንድሮቨር የእኛ ቤት መኪና ነው። «ይህን ቆርቆሮ ለምን አትሸጡትም?» ያላችሁን ጥቂት አይደላችሁም። በር ላይ ቆመን የምንሰጠው መልስ ስላላረካችሁ፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ለማቅረብ ወደናል።

እንደሚታወቀው ላንድሮቨር የእንግሊዝ መኪና ነው። የወለደው ግን ችግር ነው ለማለት ይቻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ነበር፤ የተሻለ ድርሻ የሚያገኘውም ዕቃውን ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ፋብሪካ ነበር። ሮቨር ኩባንያ ደግሞ ሥራው ደኅና ኑሮ ላላቸው ሰዎች የሚሆን የቤት መኪና ስለ ነበረ ገበያው ጠበበበት። የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ በምትባለው የዌልስ ደሴት እርሻ ነበረው። እዚያም ከጦር ሠራዊት የተረፈች አንዲት የአሜሪካ ዊሊስ ጂፕ ይነዳ ነበር። «ይህች ስታረጅ ምን ልትገዛ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሌላ ምን አለና ያችኑ ዓይነት እንጂ ብሎ መለሰ ይባላል። አሳቡ የመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በጂፕ ሻሲ ላይ ተሠራ፤ መሪውም እንደ ትራክተር መሀል ላይ ነበር። መኪናው ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ።

ብረት ስለ ጠፋ አካሉን በአሉሚንየም ሠሩት። ያን የመሰለውን አረንጓዴ ቀለም እንኳ ያገኙት ከጦር አውሮፕላን ከተረፈው ነው። ለጥቂት ዓመታት ብቻ፣ የብረቱ ችግር እስኪቃለል ድረስ ይሠራል ተብሎ የታሰበ መኪና ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ሚሊዮነኛው ከፋብሪካ ወጣ፤ የዚያ ዘር የመጨረሻው ሶሊሀል ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ነው። ስልሳ ሰባት ዓመት አልፎ ማለት ነው!

የእኛው «ሁለት ኤ» የሚባለው ነው፤ ከ1961 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የተሠራው። አባታችን የገዙት ካገለገለ በኋላ ነው። ባለ አራት ማርሽ ሆኖ፣ አንደኛና ሁለተኛው ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ካልተረገጠ አይገቡም፤ ይጮኻሉ። አባታችን መንዳት ሲያስተምሩን ማርሹ በጮኸ ቁጥር የሚቆጡት እኛን ሳይሆን «ይቅርታ በለው!» እያሉ ነበር፤ መኪናውን ማለታቸው ነው።

እሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናው ጽዱ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ቆመ። ዶሮ እንቁላል ጣለችበት። ከእኛም ግማሻችን ለቁራሌው ይሸጥ አልን። ነገሩን የለወጠው እናታችን ከአንኮበር በታች፣ በአልዩ አምባ በኩል ባለው አገራቸው ለወንድማቸው ተዝካር መድረስ አለብኝ ማለታቸው ነው። ጉልበታቸው አይችልም፤ በቅሎ አይሆንም። «አባታችሁ ቢኖሩ ያደርሱኝ ነበር» አሉ። ከዚህ በኋላ ማን ይሸጥ ይላል?

ሥራው አራት ወር የቅዳሜ ከሰዓት ፈጀ። ላሜራው አልዛገም፤ አሉሚንየሙ ብረት በነካበት ቦታ ብቻ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተበልቷል። ጉዱ ያለው ሻሲው ነበር። ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ስለ ሆነ የሚዝገው ከውስጥ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ታናሽ እኅታችን በመዶሻ እየመታች ድምፁን ታዳምጥ ነበር፤ ድፍን ሲል ታልፋለች፣ ሲሰነጠቅ በጠመኔ ታሰምርበታለች። ከጠመኔው ብዛት የተነሣ በያጁ አይቶ ሣቀ። መቼም የሚያስደንቀው ቋንቋው ነው፤ እንግሊዝ የሠራውን መኪና ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ እያልን በጣሊያን ስም እየጠራን በአማርኛ እንከራከርበታለን።

ሞተሩን በተመለከተ ተጣልተናል፤ አንደብቅም። የቤንዚኑ ሞተር፣ ሁለት ሊትር ከሩቡ፣ ነዳጅ እንደ ውሀ ይጠጣል። ታላቃችን የጃፓን ናፍጣ ሞተር ከሶማሌ ተራ አመጣ፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ብረት ቶርኖ ቤት ተቆረጠ። አባታችን ቢኖሩ እሺ የሚሉ አይመስለንም። ግን ናፍጣው ባይገባ ኖሮ መኪናው ዛሬም ከጽዱ ሥር አይነሣም ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ እስከ አንኮበር 40 ያህል። እስከዚህ የሚወራ ነገር የለም፤ ከብርዱ በቀር። ከአንኮበር ቁልቁለቱ ሲጀመር ቀዩን ዘንግ ወደ ኋላ ሳብን፤ ያን ጊዜ አራቱም ጎማ በከባድ ማርሽ ይያዛል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሪሲዮን መርገጥ ክልክል ነው፤ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው። እናታችን ከፊት ተቀምጠው ገደሉን ሳያዩ መንደሮቹን በስም እየጠሩ ወረዱ። ለተዝካሩም ደረስን።

ስንመለስ ዳገቱ መሀል ላይ «ቀው!» አለ። ከኋላው ዲፈረንሻል ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ተሰበረ። የእነዚህ መኪኖች የታወቀ ደካማ ቦታቸው ነው፤ የናፍጣውም ጉልበት ሳይረዳው አልቀረም፤ ታላቃችን ዛሬም ይህን አያምንም። ደግነቱ ጎማውን የሚሸከመው ኩሽኔታው እንጂ ዘንጉ አይደለም። ስድስቱን ቡሎን ፈታን፣ ዘንጉን ሳብን፣ ውስጥ የቀረውን ስባሪ በሽቦ ስንፈልግ ሰዓት ተኩል ሄደ። ቡሎኖቹን እናታችን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያዙልን። ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈን በፊት ጎማ ብቻ ልንወጣ ሆነ። እኛ ወርደን ስንገፋ፣ እናታችን ግን ከፊት እንዳይወርዱ ለመንናቸው፤ የፊቱ ጎማ ክብደት ይፈልጋልና። «እንግዲህ እኔም ዕቃ ሆንኩ!» አሉ። አንኮበር ስንወጣ መሽቷል፤ ቡሎኖቹን ቆጥረው አስረከቡን፤ ስድስት።

ዘንጉ ተገዝቶ ገብቷል፤ አንድ መለዋወጫም ጨምረናል። ስለዚህ ለቀብር ድንኳን የምትጭኑ ወንድሞቻችን፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር በጆንያ የተጠቀለለውን ረጅም ብረት እንዳታወጡብን አደራ።