የመርከቡ ጸሐፊ ቀኝ እጅ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህን አባባል ስለ መጻሕፍትና ስለ ቅርስ ስናገር እጠቅሰው ነበር። ቃል በቃል የሚሠራው ግን ወደብ ላይ ነው። በባሕር ንግድ ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች፤ ነጋዴዎቻችን “ቢል ኦፍ ሎዲንግ” የሚሏት። ዕቃው ሲጫን የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጣት ደረሰኝ ናት፤ ግን ከደረሰኝ ትበልጣለች። በፊርማ ስትተላለፍ ዕቃው ገና ማዕበል ላይ እያለ ባለቤት ይለውጣል። ኤልሲ የከፈተው ባንክም ገንዘቡን የሚለቀው እሷን አገላብጦ አይቶ ነው።

ይህችን ወረቀት ብሎክቼይን በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ እንተካት የሚሉ ሰዎች ከተነሡ ዓመታት አልፈዋል። ይሳካላቸው ይሆን? ነገሩን ወደፊት ከመተንበያችን በፊት እስቲ ትንሽ ወደኋላ እንሂድ።

በመካከለኛው ዘመን በሜዲትራንያን ባሕር ላይ የሚጓዝ መርከብ ጸሐፊ ነበረው። ሥራው የተጫነውን ዕቃ አንድ በአንድ መመዝገብ ነበር። በባርሴሎና ይሠራበት የነበረው “የባሕር ቆንስላ መጽሐፍ” የተባለው የሕግ ስብስብ ስለዚህ ሰው የደነገገው ያስደነግጣል። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ሐሰት ከጻፈ ቀኝ እጁ ይቆረጣል፣ ግንባሩ በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ንብረቱም ይወረሳል። ጭካኔው ይዘገንናል፤ ቁም ነገሩ ግን አያምልጠን። መዝገቡ የሚታመነው ብራናው ወይም ቀለሙ ጥሩ ስለሆነ አልነበረም፤ ከብዕሩ ጀርባ የሚጠየቅ ሰው ስለነበረ ነው።

ውሎ አድሮ ነጋዴው ከዕቃው ጋር መሳፈሩን ተወና አገሩ ቁጭ ብሎ በደብዳቤ መነገድ ጀመረ። ያኔ ከመዝገቡ የተቀዳው ወረቀት ራሱን ችሎ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1794 ለንደን ውስጥ በታየ ክርክር፣ ወረቀቱ ሲተላለፍ የዕቃው ባለቤትነትም አብሮ ይተላለፋል የሚለው የነጋዴዎች ልማድ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሸራው በእንፋሎት፣ እንፋሎቱ በናፍጣ ተተካ። በ1956 ማልኮም ማክሊን 58 ኮንቴይነሮችን ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ አስጭኖ የወደብን ሥራ ገለበጠው። ወረቀቷ ግን እዚያው ናት፤ እንደ ልማዷ በሦስት ኦርጅናል ትወጣለች።

በ2014 የዴንማርኩ ሜርስክ ከኬንያ ወደ ኔዘርላንድ የተላከ አንድ ኮንቴይነር ጽጌረዳና አቮካዶ ተከታትሎ ነበር። ሠላሳ ያህል ሰዎችና መሥሪያ ቤቶች፣ ከ200 በላይ የመልእክት ልውውጥ ተቆጠረ። ጽጌረዳው እየጠወለገ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል ማለት ነው። ይህን ለእኛ አስመጪና ትራንዚተር ማስረዳት አያሻም፤ ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ ሰነዱ ሲዘገይ ዲሜሬጅ እንዴት እንደሚቆጥር ያውቁታልና።

ብሎክቼይን ምንድን ነው? የዕድር መዝገብን አስቡ። አንዱ ቅጂ በጸሐፊው እጅ ብቻ መቀመጡ ቀርቶ በየአባሉ ቤት ይኑር። አዲስ ገጽ ሲጻፍ የሁሉም ቅጂ ላይ ይሰፍራል፤ እያንዳንዱ ገጽም የቀደመውን ገጽ ማኅተም ይይዛል። እንግዲህ አንዱ ሌሊት ተነሥቶ የአምናውን መዋጮ ልሰርዝ ቢል ማኅተሙ ይፈርሳል፣ ከጎረቤት ቅጂም ጋር አይገጥምም። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ቅጂ በብዙ እጅ መኖሩ ምን እንደሚጠቅም ሜርስክ ራሱ በመከራ አይቶታል። በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለ የኮምፒውተር ተባይ የድርጅቱን መረብ በዓለም ዙሪያ አወደመው። መረቡን መልሶ ለማቆም የግድ የሚያስፈልገው መረጃ ከየአገሩ ኮምፒውተር ጠፍቶ አንድ ቦታ ብቻ ተረፈ፤ ጋና። ለምን ቢሉ፣ ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር! ቅጂው በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ለንደን ገባ። መብራት መጥፋት የጠቀመበት ቀን መቼም ይህ ነው።

በጥር 2018 ሜርስክ ከአይ.ቢ.ኤም ጋር ሆኖ፣ በኋላ ትሬድሌንስ የተባለውን የብሎክቼይን መዝገብ እንደሚያቋቁም አስታወቀ። በ2019 እነ ኤም.ኤስ.ሲ እና ሲ.ኤም.ኤ ሲ.ጂ.ኤም የመሳሰሉ ትልልቅ ተፎካካሪዎቹም ለመግባት ተስማሙ። ይሁን እንጂ በኅዳር 2022 መዘጋቱ ተነገረ፤ በ2023 መጀመሪያም ሥራው ቆመ። የተሰጠው ምክንያት፣ ቴክኖሎጂው ቢሠራም የሚፈለገው ዓለም አቀፍ ትብብር አልተገኘም የሚል ነበር። በእኔ ንባብ ምሥጢሩ ያው የጥንቱ ነው። መዝገቡ የሁላችንም ነው ቢባልም፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የደንበኛውን ስም በተፎካካሪው ቤት መዝገብ ላይ በደስታ የሚጽፍ ነጋዴ የት ይገኛል?

ሌላም ነገር አለ። ብሎክቼይን የተጻፈው እንዳይሰረዝ ይጠብቃል እንጂ፣ የተጻፈው እውነት ስለመሆኑ ኮንቴይነር ከፍቶ አያይም። ድንጋይ ጭኖ “ቡና” ብሎ ላስመዘገበ አጭበርባሪ፣ የማይፋቅ መዝገብ የማይፋቅ ውሸት ነው።

ታዲያ ነገሩ አበቃለት? የለም። በ2021 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የመርከብና የወደብ ድርጅቶች በጋራ የያዙት፣ ለትርፍ ያልቆመ ግሎባል ሺፒንግ ቢዝነስ ኔትወርክ ተመሠረተ፤ ከትሬድሌንስ ውድቀት የተማሩ ይመስላል እንዳንል፣ የተቋቋመው ከውድቀቱ በፊት ነው። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን ለኤሌክትሮኒክ ሰነዶች ሞዴል ሕግ አወጣ። በ2023 ዘጠኝ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች እስከ 2030 ወረቀቷን ሙሉ በሙሉ ለመተው ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሕግ፣ መሥፈርቱን ያሟላ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ከወረቀቱ እኩል ነው አለ። የ1794ቱን ክርክር ያየች ለንደን ናት ይህን ያለችው። ሕጉ ብሎክቼይንን በስም አያነሣም፤ በየትኛውም መሣሪያ ይሁን፣ ሰነዱ በአንድ ጊዜ በአንድ ባለቤት እጅ ብቻ መሆኑ ይረጋገጥ ነው የሚለው።

እንግዲህ ወረቀቷ ትሄዳለች ብዬ አምናለሁ፤ የሚተካት ብሎክቼይን ይባል ሌላ፣ ለእኔ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ወደብ ለሌለን፣ ዕቃችን በሌላ ሰው ባሕር ለሚመጣ ለእኛ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። አዲሱ መዝገብ ባንኮቻችንና አስመጪዎቻችን ደጃፍ ሲደርስ፣ ፍጥነቱን ከማድነቃችን በፊት ሐሰት ሲገኝበት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው አገር ፍርድ ቤትና በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ እንጠይቅ። የሚቆረጥ እጅ አንሻም። የሚጠየቅ እጅ ግን ያስፈልገናል።