የጨውና የድንጋይ ወግ

አበው «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። የሶዲየም ባትሪን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ይህን ተረት የምሰማበት ጆሮ ተለውጧል። ሶዲየም የገበታ ጨው ከተሠራባቸው ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ በድንጋይ ውስጥም መንገድ አለው።

ነገሩ የሚጀምረው ለንደን ነው። ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ የእርሳስ ፍሎራይድን ሲያግል፣ ገና ሳይቀልጥ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን አስተዋለ። ጠጣር ነገርም እንደ ፈሳሽ አዮን ያሳልፋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የስም ስሕተት ነው። በ1916 አንድ ማዕድን «ቤታ አሉሚና» ተባለ፤ ንጹሕ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ መስሏቸው ነበርና። ኋላ ሲመረመር በድርብርብ ንጣፎቹ መካከል ሶዲየም ተገኘበት። ስሙ ግን ሳይታረም ቀረ። በ1967 የፎርድ ኩባንያ ተመራማሪዎች ያ ችላ የተባለ ሶዲየም በንጣፎቹ መካከል እንደ ልቡ እንደሚመላለስ አሳዩ። ከዚያም የተለመደውን ባትሪ ገለበጡት፤ የቀለጠ ሶዲየም በአንድ ወገን፣ የቀለጠ ድኝ በሌላው፣ በመካከላቸው አዮን አሳልፎ ኤሌክትሮን የሚከለክል የሸክላ ግድግዳ። ባትሪው የሚሠራው ግን ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ነበር።

በ1976 ጆን ጉዲናፍና ሄንሪ ሆንግ በአሜሪካ ከዚርኮኒየም፣ ከሲሊከን፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን «ናሲኮን» የተባለውን አቀናበሩ። ቤታ አሉሚና ሶዲየምን በንጣፎቹ መካከል ብቻ ሲያስኬድ፣ ይህ በሦስቱም አቅጣጫ መተላለፊያ ከፈተለት። በ2012 ደግሞ ጃፓናውያን ሶዲየምን በተራ ሙቀት በሚገባ የሚያሳልፍ፣ ከፎስፈረስና ከድኝ የተሠራ ጠጣር ይዘው ቀረቡ።

መንገዱ እንዲህ ከተገኘ ምን ቀረ? ደጃፉ ነው የቀረው። የቀለጠ ብረት ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ እሳቱ ሲወገድ ግን ጠጣር ከጠጣር ይገናኛል፤ የሚነካካውም እዚህም እዚያም ባሉ ነጥቦች ብቻ ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ከሶዲየሙ ገጽ ላይ ባዶ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። እንደገና ሲሞላ ኤሌክትሪኩ በቀሩት ነጥቦች ይጨናነቃል፤ ሶዲየሙም በሸክላው ስንጥቅ እንደ ሥር ሰርስሮ ወዲያ ማዶ ከደረሰ ባትሪውን ከውስጡ ይገድለዋል። የድኙ ጠጣር ለስላሳ ነውና በግፊት ብቻ ይገጥማል፤ ነገር ግን ከሶዲየም ጋር ሲነካካ ይበላሻል።

ስለዚህ ዛሬ ብዙው ድካም እዚያች ስስ ድንበር ላይ ነው። ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነሣ ሸክላው ላይ የጋገረውን ቅርፊት በሙቀት ያጸዳሉ፤ በመካከል እንደ ቆርቆሮ ያለ ብረት በስሱ ይቀባሉ፤ ሁለቱን አጥብቀው ይጫናሉ።

እኔን የያዘኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ በድንጋዩ ልብ ውስጥ መንገድ ለማግኘት አንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ያህል ፈጀ፤ መግቢያው ላይ ያለው ትግል ግን እስከ ዛሬ አላበቃም። ለካ ጨውና ድንጋይ የሚጣሉት ውስጥ ለውስጥ አይደለም፤ ደጃፍ ላይ ነው።